ማርሹ የወለቀለት ብስክሌት

ብረት በያጁ በሚስቱ አባት ቤት ሲኖር አንድም ቀን ክፉ ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ቢሰድቡት ኖሮ ሻንጣውን አንስቶ ውልቅ ይል ነበር። ግን ማን ይስደበው? ይሠራበት የነበረው ብረታ ብረት ቤት የተዘጋ ጊዜ የሚስቱ አባት፣ ብስክሌት ጠጋኙ ሽማግሌ፣ «ነገሩ እስኪስተካከል ከእኛ ጋር ሁኑ» አሉ። ነገሩ ሳይስተካከል፣ እነሱም ሳይወጡ፣ ዓመታት አለፉ። በእራት ሰዓት ጥሩ ጥሩው ወደ እሱ ይገፋል። ሸሚዙ ሳይጠይቅ ታጥቦ ይጠብቀዋል። ካሳለው የሚስቱ እናት ትኩስ ነገር ይዘው ከራስጌው ይቆማሉ። ከላይ ሲያዩት የተደላደለ ኑሮ ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

ባልና ሚስቱ የሚተኙባት ክፍል ከሱቁ ጀርባ ነበረች፤ በሯም የሚከፈተው ወደ ሱቁ ብቻ ነው። አየር ልቀበል ያለ ሰው በተሰቀሉት ጎማዎች መሀል ጎንበስ ብሎ፣ የሽማግሌውን ወንበር አልፎ መውጣት አለበት። ሽማግሌውም ቀና ብለው «ወዴት ነው ልጄ?» ይላሉ። ሌላ ምንም አይሉም። «እንዲሁ ነው» ማለት ደግሞ ለትልቅ ሰው መልስ አይሆንምና በያጁ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይቀመጣል። ሠፈሩም ስሙን ረስቶት «አማቹ» ይለው ጀመር። ብረት ከብረት ሲያጋባ የኖረ ሰው የሌላ ሰው ዘመድ ብቻ ሆኖ ሲቀር ያንገበግባል፤ እሱንም አንገበገበው።

ታዲያ አንድ ቀን ከከተማው ዳር፣ ከዳገቱ አናት ላይ በርና መስኮት ከሚሠራ ድርጅት መልእክት መጣለት። ፎርማኑ የድሮ ሥራውን ያውቁታል። ለሙከራ ይምጣ፣ ከወደድነው ቋሚ ይሆናል፣ ለቋሚ ሠራተኛ ደግሞ ከግቢው ቤቶች አንዱ ይሰጠዋል አሉ። ቤት ሲባል በያጁ ከዚያ በኋላ የተባለውን በደንብ አልሰማም። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ ያማረ ምሳ ከሚበላበት የሰው ጠረጴዛ ይልቅ ደረቅ ነገር የሚቆረጥምበት የራሱ ደጅ ታየው። እንቅፋቱ አንድ ነው። ሥራው የሚጀመረው ገና ሲነጋ ነው፤ በዚያ ሰዓት ወደ ዳገቱ የሚሄድ መኪና የለም። ፎርማኑ ደግሞ ሁሉን ይቅር ይላሉ፣ ማርፈድን ግን አይምሩም።

ነገሩን ለቤተሰቡ ምሳ ላይ ተናገረ። የሚስቱ እናት «እዚያ ድረስ?» አሉ። ሚስቱ ለእናቷ ውኃ ቀዳች። ሽማግሌው የያዙትን አኝከው ዋጡና፣ እንግዲያው ብስክሌት ያስፈልግሃላ ብለው ከሱቁ ጥግ ተሰቅሎ አቧራ ሲጠጣ የኖረ አሮጌ ባለ ማርሽ ብስክሌት አወረዱ። በያጁ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ትቶ ለመሄድ በመቸኮሉ አፈረ።

የብስክሌቱ ማርሽ ግን አልቆለት ነበር። የመቀየሪያው ስፕሪንግ ተሰብሯል፣ ሽቦው ዝጓል፣ መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ሽማግሌው አልጨነቃቸውም። ማርሹን ገፈን ባለ አንድ እናድርገው፤ የሌለ ነገር አይበላሽም አሉ። በእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ አባት፣ ልጅና አማች ሱቁ ደጃፍ ላይ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ከመሪው ላይ የማርሽ ማንሻውን ነቀሉ፣ ሽቦውን መዘው ጣሉ፣ ካቴናውን ፈቱ። ከዚያ የኋላውን ጎማ አውጥተው፣ ካቴናው የሚዞርባቸውን፣ እንደ ሰሃን የተደራረቡትን ጥርሶች አንድ በአንድ አወለቁ። ከእነዚያ ሁሉ አንዱ ብቻ ይመለሳል፤ ብስክሌቱም ሜዳውንም ዳገቱንም በእሱ ብቻ ይወጣዋል።

ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ትልቁን ጥርስ፣ በሌላው ትንሹን ይዘው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ጎማውን ደግፋ የያዘችው ሚስቱ ቀደመቻቸው።

«ትንሹ ይሻለዋል አባዬ» አለች። «ሜዳው ላይ ያበረዋል።»

አባቷ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። ከዚያ ትልቁን ሱቁ ግድግዳ ላይ ካለ ሚስማር ሰቀሉና ትንሹን ለበያጁ አቀበሉት። በያጁ ስለ ማርሽ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ብረት መሆኑን ብቻ ነው፤ ሚስቱ ስለ ፍጥነቱ ማሰቧ ግን ደስ አሰኘው። ጥርሱ እንደ ብሎን የሚታሰርበት ጥምዝ ተበልቶ ስለነበር መበየድ ነበረበት። የውስጡ ግራሶ እንዳይቃጠል እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሁለት ቦታ ላይ ነካ ነካ አድርጎ በገዛ እጁ በየደው። ንጹሕ ብየዳ ነበር። ሽማግሌው ካቴናውን በልኩ ቆርጠው ገጠሙ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስበው ወጠሩት። በያጁ መንገዱ ላይ ሲሞክረው ብስክሌቱ ተፈተለከ፤ ጎረቤቱም «አማቹ ሊያመልጥ ነው» ብሎ ሳቀ።

በመጀመሪያው ማለዳ ሜዳውን እያፏጨ ጨረሰው። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ግን ፔዳሉ አልንቀሳቀስ አለ። ከኮርቻው ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ ቆመበት፤ ብስክሌቱ አንዴ ተንቀጥቅጦ ቀጥ አለ። ወርዶ መግፋት ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ አንድ ቦርጫም ሰውዬ በአሮጌ ብስክሌት ዘና ብሎ ደረሰበትና የኋላ ጎማውን አየለት።

«በዚህ ጥርስ ዳገት?» አለው። «ይሄ እኮ ለሜዳ ነው። ማነው የሠራልህ፣ ጠላትህ ነው?»

በያጁ ላቡን እየጠረገ ሲደርስ ሥራው ተጀምሯል። ፎርማኑ ሰዓታቸውን አዩና፣ ለዛሬ ምሬሃለሁ፣ ነገ ካረፈድክ ግን አትልፋ አሉት። ቀኑን ሙሉ ከብየዳ ጭንብሉ ሥር ሆኖ ሽማግሌውን ሲሰድብ ዋለ። የዚያ ሁሉ ዓመት ደግነት ለካ ከእጃቸው እንዳይወጣ ነው። ጥሩ ጥሩውን ሲያጎርሱት የኖሩት ክንፉን እየቆረጡ ነው።

ሲመለስ ደሙ ፈልቶ ነበር። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ የተነፈሰ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ሲፈልጉ ደረሰ። ድምፁን ከፍ አድርጎባቸው የማያውቅ ሰው ያን ቀን ከፍ አደረገ። ዳገቱን ያውቁት ኖሯል ወይ አላቸው።

«አውቀዋለሁ» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ከውኃው ሳያወጡ። «ትንሹ ጥርስ እንደማያወጣህም አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ የመረጥኩልህ እኔ አይደለሁም። የእኔ ጥፋት ዝም ማለቴ ነው።»

በያጁ ያን ጊዜ ገባው። ሚስቱ የብስክሌት ጠጋኝ ልጅ ናት። ሌሎች ልጆች በአሻንጉሊት ሲጫወቱ እሷ በጥርስና በኩሽኔታ ተጫውታ ያደገች ናት፤ የትኛው ዳገት እንደሚያወጣ ፊደል ሳትቆጥር ጀምራ ታውቃለች። ይህን እንዴት እንዳላሰበው ለራሱም ገረመው።

ክፍላቸው ሲገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በሱቁና በክፍሉ መሀል ያለው ስስ ጣውላ ስለሆነ ሁሉንም ሰምታለች። ሊጮኽባት አስቦ ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን የልመና ሆነ።

«ለምን?» አላት።

«ሥራውን እንድታጣው ፈልጌ» አለች። አልካደችም፣ አላለቀሰችምም። «እዚያ ላይ ማን አለኝ? አንተ ጠዋት ትወጣለህ፣ ማታ ትገባለህ። እኔ ከማን ጋር ልዋል? እማዬን ማን ያያታል? ቤት ይሰጡኛል ብለህ ምሳ ላይ ለሁላችንም ነገርከን፤ አንቺስ ምን ትያለሽ ብለህ ግን አልጠየቅከኝም።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«አባዬም ላንተ ብሎ ነው እዚህ ያኖረህ።»

እሱን ያፈነው ቤት ለእሷ የምትስቅበት ቤት ነው። እሱ አየር ያገኝበታል ያለው ቦታ ደግሞ ለእሷ መታፈኛዋ ነው። ይህን ያህል ዘመን አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ይህን አለማወቁ አሳፈረው፤ እያፈረም ሥራውን አሁንም ፈለገው።

ከዚያ ያላሰበውን አደረገች። ተነሥታ ወደ ሱቁ ወጣች፣ ትልቁን ጥርስ ከሚስማሩ አወረደች፣ ብስክሌቱን ገልብጣ አቆመችና ብየዳህን ቁረጠው አለችው። ቆረጠው። ትልቁን አስገባች፤ እሱም በየደው፣ አሁን ምን እየበየደ እንደሆነ ያውቃል። ካቴናው አጥሮ ስለነበር ከሌላ ካቴና ቁራጭ ቀጠለችበት፣ ጎማውን ስባ ወጠረች፣ በጣቷ ጫን እያደረገች ልኩን አየች። እጇ ከአባቷ እጅ ይፈጥን ነበር። ሽማግሌው ውኃቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ቀሩ።

«አሁን ያወጣሃል» አለች፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «ሂድ። እኔ ግን አልመጣም።»

ሄደ። በማግስቱም በሰልስቱም ሄደ። ሜዳው ላይ እግሩ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ያየው ሁሉ ይቀድመዋል፤ ዳገቱ ላይ ግን ብስክሌቱ ቀስ እያለ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላረፈደም። ማታ ሲመለስ እራቱ እንደ ወትሮው ነው። ሽማግሌው ደህና ዋልክ ልጄ ይሉታል። ሚስቱ ሳይጠይቃት ካቴናውን ዘይት ትቀባለታለች፤ ነገሩን ዳግመኛ አላነሣችም፣ እሱም ለማንሣት ወኔ አጣ። ነይ ቢላት ጎትቶ መውሰድ ነው። ሥራው ይቅርብኝ ቢል እዚያች ክፍል ውስጥ ከነነፍሱ መቀበር ነው። ትቷት መሄድን ደግሞ ሊያስበው አልቻለም፣ ይወዳታል።

የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ፎርማኑ ብየዳውን በጣታቸው ዳስሰው በርታ አሉት፤ ከዚያ ከወርክሾፑ ጀርባ ወዳሉት ቤቶች ወሰዱት። ቤቶቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ፣ ባለ አንድ ክፍልና ባለ ሁለት ክፍል። ግድግዳቸው አዲስ ቀለም ይሸታል። በያጁ አንዱን በር ከፍቶ ዘጋው፣ ደግሞ ከፍቶ ዘጋው።

«ባለ ሁለቱ ለባለ ትዳር ነው» አሉ ፎርማኑ፣ ቁልፎቹን እያንቀጫቀጩ። «እናንተ ስንት ናችሁ?»

በያጁ እጁን ከበሩ እጀታ ላይ አነሣ።

«ጠይቄ ልምጣ» አለ።

ፎርማኑ ከት ብለው ሳቁ። የገዛ ቤተሰቡን ብዛት ጠይቆ የሚመጣ ሰው አይተው አያውቁም። ይሁን፣ ነገ ትነግረኛለህ ብለው ቁልፎቹን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሥራቸው ሄዱ። በያጁ ባዶው ቤት ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ። ማታ እንደሚጠይቃት ለራሱ ማለ፤ በዚህ ጊዜ በእርግጥ ይጠይቃታል። የምትመልስለትን ግን ያውቀው ነበር።