የአባ ጥብቅ ማሰሪያ

አባ ጥብቅ የሚለውን ስም ያወጡለት የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የብረት መወጣጫ ሲተክልና ሲነቅል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ "ጥብቅ!" እያለ የሰው ጫማ ማሰሪያ ሲስብ ኖሯል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ እግሩን ከታችኛው ሳንቃ ላይ ያሳርፋል፤ አባ ጥብቅ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ይስባል። ከተፈታ ሰውየው የዚያን ቀን መሬት ላይ አሸዋ ሲዝቅ ይውላል። ጫማውን ሌላ ሰው ያሰረለትም አይወጣም። ላይ ሲፈታበት ማን ሊያስርለት ነው?

ይህን ሕግ ያወጣው ሰውን ለማስጨነቅ አልነበረም። ወጣት ሳለ አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው የተፈታ ማሰሪያውን ራሱ ረግጦ ከአራተኛው ፎቅ ወደቀ። ሬሳውን ያነሳው አባ ጥብቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የተፈታ ማሰሪያ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። በሠርግ ላይ የሙሽራ ጫማ ስቦ ያውቃል ይባላል። ሚስቱ ውሸት ነው ትላለች፤ ግን እያለች ትስቃለች።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ከአምስት ወር በፊት የብረት ቱቦ አምልጦ ቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። እጁ ተረፈ፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ግን መገናኘት አቆሙ። ማንኪያ ይይዛል፣ መዶሻ ይጨብጣል፣ ቱቦ አቅፎ ይሸከማል። ያቃተው ቀጭን ነገር ቆንጥጦ መያዝ ነው። ሰሞኑን ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ደብዳቤ ሦስት መስመር ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ውስጥ መወጣጫ ላይ መውጣት ከቻለ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ካልቻለ በር ጠባቂ ይሆናል። በር መጠበቅ ነውር አይደለም። ሃያ ዓመት ከተማውን ከላይ ሲያይ ለኖረ ሰው ግን በር ላይ ተቀምጦ የመኪና ታርጋ ሲመዘግብ መዋል እስራት ነው። ለአባ ጥብቅ ቢያንስ እንደዚያ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ቦት ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ጫማ ሰፊዋ ዘንድ ሄደ። ጫማ ሰፊዋ በዕድሜ የምትበልጠው፣ ምላሷ ከወስፌዋ የሚሾል ሴት ናት። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ ግድግዳው በሙሉ ሶል ተሰቅሎበታል፣ የማስቲሹ ሽታ ከደጅ ይቀበላል። የቀኙን ጫማ አንስታ አገላበጠችው። አሮጌው ማሰሪያ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ተበጥሶ ተቀጥሏል።

"ይህን ማን ቀጠለው?"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"ውሸታም። ይህ የሚስትህ እጅ ነው።"

አባ ጥብቅ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እሷ በትንሿ ጣቷ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። "ማሰሪያህን የጨረሰው ሥራው አይደለም፣ ይህ ቀዳዳ ነው። የቀዳዳው ብረት ጠርዝ ተነስቷል። ይህን ሳያስተካክሉ አዲስ ማሰሪያ መግዛት በተቀደደ ኪስ ሳንቲም መያዝ ነው።" ጫማውን መቀጥቀጫ ብረቷ ላይ አስደግፋ ጠርዙን በመዶሻ ቀጥቅጣ አስተኛችው። ከዚያ ስምንት ጥንድ ቀዳዳ ቆጠረችና ከመሳቢያዋ ሦስት ዓይነት ማሰሪያ አውጥታ ደረደረች።

አንዱ ድቡልቡል ናይለን ነው፤ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ የሚያብለጨልጭ። ሁለተኛው ጠፍጣፋ የጥጥ ማሰሪያ ነው። ሦስተኛውም ጠፍጣፋ ነው፤ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነ፣ ሰም የጠጣ፣ ሲነኩት የሚሻክር፣ መልኩ ጭቃ የመሰለ።

"ጥጡ ቋጠሮ ይይዛል፤ ሲሚንቶ ግን በወሩ ይበላዋል፤ እሱን ተወው" አለችና ጥጡን ወደ መሳቢያው መለሰች። የቀሩትን ሁለቱን በየተራ ከመቀጥቀጫ ብረቷ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ፈተገቻቸው። አንዱም ክር አልተነሳበትም። "ቢጫው መኪና ይጎትታል። ግን ያሙለጨልጫል፤ ቆንጥጦ የሚያጠብቅ ጣት ይፈልጋል። ይህ ሻካራው ደግሞ እርስ በርሱ ይናከሳል። አንዴ ከታሰረ አይላላም። ለእጅህ የሚስማማው ይህ ነው።"

ባትጨምራት ኖሮ ጥሩ ነበር። "ለእጅህ" የምትለዋ ቃል አባ ጥብቅን እንደ ምስማር ወጋችው። ጣቶቹ ደህና ሳሉ ዕድሜውን ሙሉ ያሰረው ቢጫውን ነው። እጁን ኪሱ ከተተ።

"ቢጫውን ይስጡኝ።"

"ያልኩህን ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ። ቢጫውን።"

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የተባለው" አለች ቢጫውን በወረቀት እየጠቀለለች። "ግትር ሰው ያስራል ያለ የለም።"

እልህ ምላጭ ያስውጣል። እሑድን አባ ጥብቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያስርና ሲፈታ ዋለ። ግራ እጁ ቀለበቱን ይሠራል፤ ቀኙ ጫፉን ሊያሾልክ ሲሞክር ናይለኑ ከሁለቱ ደረቅ ጣቶች መሃል ሸርተት ብሎ ያመልጣል። ወደ ማታ ላይ ከሦስቱ አንዱ ይይዝለት ጀመር። ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ከጥግ ታየዋለች።

"ሌላ ማሰሪያ የለም እንዴ?"

"ከዚህ የሚጠነክር የለም።"

"ጥንካሬውን ማን ጠየቀህ? የሚታሰር የለም ወይ ነው ያልኩህ።"

ጎንበስ ብሎ ቢጫውን እንደገና ማሾለክ ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ብርዱ እጁን እንጨት አደረገው። አራት ጊዜ ሞከረ፤ አራቱንም ጊዜ ቋጠሮው ሳይጠብቅ ተፈታ። የሠራተኞች መኪና ሊያልፈው ነው። ሚስቱ ተንበርክካ ሁለቱንም አሰረችለት፤ እሱም እግሩን ሰጣት። አፈረ። ከማፈሩ ጋር ግን አንድ ነገር በልቡ አሰላ። ቋጠሮው ጥብቅ ነው፤ ሲሳብ ይይዛል፤ ማን እንዳሰረው ደግሞ ጫማ አይናገርም።

እሱ ከተጎዳ ወዲህ ጫማ የሚስበው ካቦው ነበር። ካቦው ሙያውን የተማረው ከአባ ጥብቅ ነው። ሥራ በጀመረበት ሳምንት ሦስት ቀን ተከታትሎ አሸዋ ላይ የወረደ ሰው ነው፤ ዛሬ ሠላሳ ሰው ያዛል። አባ ጥብቅ ሰልፉ ውስጥ ሲቆም ሰዉ ሁሉ ጀርባውን እየመታ ተቀበለው። ካቦው ከፊት "ጥብቅ! ጥብቅ!" እያለ ይስባል፤ ድምፁ ሳይቀር የአባ ጥብቅን ድምፅ ይመስላል።

ተራው ደረሰ። እግሩን ሳንቃው ላይ አሳረፈ። ካቦው ጎንበስ አላለም።

"ጋሼ፣ እርስዎማ ይለፉ" አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "የእርስዎን ጫማ እኔ ልስብ? ምን ቆርጦኝ!"

አባ ጥብቅ መጀመሪያ ደስ አለው፤ አይደበቅም። መሰላሉን ያዘ፣ ሁለት ደረጃ ወጣ። የብረቱ ቅዝቃዜ በግራ መዳፉ ገባ፤ ላይ ሳንቃዎቹ ይታያሉ፣ ከሳንቃዎቹ በላይ ሰማይ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ግን እግሩ አልነሳ አለ። የሞተው ጓደኛው ትዝ አለው። ጓደኛው ተወዳጅ ሰው ነበር፤ ሲስቅ ሌላውን ሁሉ ያስቃል። ያን ዕለት ጠዋት ማሰሪያው መላላቱን የያኔው አለቃ አይቶ ነበር። "አንተማ እለፍ" ብሎ ትከሻውን መትቶ ነው ያሳለፈው።

አባ ጥብቅ ወረደ። ሳንቃው ላይ ተቀመጠና የሚስቱን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ ፈታቸው።

"እነዚህን ያሰረችው ሚስቴ ናት" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "አሁን እኔ ላስር ነው። ቁም እዚህ።"

ሠላሳ ሰው ቆሞ እያየው አሰረ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሲሚንቶ ማቡኪያው ብቻውን ይዞራል። የቀኙን ጨረሰ፣ የግራውን ጨረሰ፣ ላቡን በክንዱ ጠረገ።

"ሳብ።"

ካቦው ጎንበስ ብሎ የቀኙን ሳበ። ያዘ። ደገመው፤ ያዘ። የግራውን ሳበ፤ ያዘ። ደገመው። ቢጫው ማሰሪያ ሙልጭ ብሎ እጁ ላይ ቀረ።

ማንም አልሳቀም። ካቦው ማሰሪያውን እንደያዘ ቀና ሳይል ቆየ። "ጋሼ፣ ለዛሬ እንኳ..." አለ።

"ሕጉ ምንድን ነው?"

"አሸዋ።"

"አልሰማሁህም።"

"ወደ አሸዋው፣ ጋሼ!" አለ ካቦው። ጮሆ ነው የተናገረው፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

አባ ጥብቅ አካፋውን አንስቶ ሄደ። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ዛቀ። ውርደቱ እስከ ምሳ ድረስ ጆሮውን አቃጠለው። ከምሳ በኋላ ግን ንዴቱ እጁን ትቶ ወደ ቢጫው ማሰሪያ ዞረ፤ ከማሰሪያው ደግሞ ወደ መራጩ። መራጩ ራሱ ስለነበር ሌላ የሚያኮርፈው ሰው አላገኘም። ሌላም ነገር ተሰማው፣ ስሙን ያላወቀለት። ካቦው ጨክኖ "ወደ አሸዋው" ሲለው ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቀና ብሎ ነበር።

ወደ ማታ ጫማ ሰፊዋ ሱቋን ልትዘጋ ስትል ደረሰ። አሸዋው ከጫማው እየረገፈ ደጃፏ ላይ ቆመ።

"እትዬ" አለ፣ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ እያሳያት፣ "ለእጄ የሚስማማውን ይስጡኝ።"

አልሳቀችበትም፤ ለምላሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከበሩ ጀርባ ካለ ምስማር ላይ አንድ ጥንድ ሻካራ ማሰሪያ አወረደች። ለስምንት ጥንድ ቀዳዳ ተለክቶ ተቆርጧል፤ ጫፉ በደረቅ ጣት እንዲያዝ በሰም ወፈር ተደርጓል።

"መቼ ሠሩት?"

"ቅዳሜ፤ ከደጄ እንደወጣህ" አለች። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። በል ና፣ ቁጭ በልና እሰር። እኔ አልነካልህም።"

ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ልትንበረከክ ስትል "ተዪው" አላት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሻካራው ማሰሪያ ከጣቶቹ መሃል አላመለጠም፤ በዝግታ ገባ፣ በዝግታ ጠበቀ። የሠራተኞች መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ሁለተኛውን ቋጠሮ እየጨረሰ ነበር።

ከመሰላሉ ሥር ካቦው ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ግን ቀና ብሎ አየው።

"ማን አሰረው?"

"እኔ።"

የቀኙን ሁለት ጊዜ ሳበ። የግራውን ሁለት ጊዜ ሳበ። ከዚያ እንደገና፣ በሁለት እጁ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ሦስተኛ መሳብ በሕጉ የለም። አባ ጥብቅ ይህን ያውቃል፤ ግን አላረመውም። እግሩን ሳያነቃንቅ ሳንቃው ላይ እንዳሳረፈ፣ ሰውየው እስኪረካ ድረስ ጠበቀው።

"ጥብቅ!" አለ ካቦው።

አባ ጥብቅ ወጣ።