ከእንግዳ የተደበቁት አሥራ አንድ ተማሪዎች

«አሥራ አንዳችሁም ተነሱ! ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍት!» አለ ዳይሬክተሩ፣ በእጁ የያዘውን የስም ዝርዝር እያየ። «ለእናንተ ዛሬ የንባብ ቀን ነው።»

የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሰሌዳው ሥር ቆማ ተማሪዎቿ አንድ በአንድ ሲወጡ አየች። የንባብ ቀን የሚባል ነገር የለም። እንግዳ ሲመጣ እንግሊዝኛ የማይሆንላቸው ልጆች ከክፍል ዞር ይደረጋሉ፤ የቀሩት ጥያቄውንም መልሱንም ከሳምንት በፊት ይሸመድዳሉ። ይህን ዘዴ ከስምንት ዓመት በፊት ያመጣችው ራሷ ናት። ያኔ «ብልህ» ተብላ ተመስግናበታለች።

የዛሬዋ እንግዳ ባሕር ማዶ ያለ የወዳጅ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን እየተመላለሱ አንዱ የሌላውን ክፍል ያያሉ። ውሉ ዘንድሮ ያበቃል፤ መታደስ አለመታደሱን የሚወስነው የእንግዳዋ ሪፖርት ነው።

አምና ተራው የመምህርቷ ነበርና አንድ ወር እዚያ ቆይታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረች ሴት በመጀመሪያው ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። ምላሷ ተሳሰረ። ሌሎቹ ፈገግ ብለውላት ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። ይህችው እንግዳ ግን ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ጠበቀቻት። አላቋረጠቻትም፣ ቃል አላቀበለቻትም፤ እስክትጨርስ ዝም ብላ ጠበቀች።

መምህርቷ ከሄደችበት ይዛ የመጣችው ትልቁ ነገር ይኸው መጠበቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተማሪዎቿን ጠይቃ መጠበቅ ስትለማመድ ከረመች። እሷን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ባሏ እንኳ «ስልክ ስትደውል ሃሎ እስክል አትታገስም» እያለ ያማታል።

ዳይሬክተሩ ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ሲከት ተጠጋችው።

«ጋሼ፣ ልጆቹን ልመልሳቸው ነው።»

«ምን ነካሽ? እንግዳዋ ግቢ ገብታለች እኮ!»

«ከገባችማ ቶሎ ልበል።»

«ውሉ ቢበላሽስ? አምስት መምህር ሻንጣውን አሰናድቶ ነው የሚጠብቀው!»

«በእኔ ይላከክ። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልተወው።»

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። መጠበቅ የተማረችው ለተማሪ እንጂ ለዳይሬክተር አይደለም።

እንግዳዋ ኋላ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። መምህርቷ የትምህርት ዕቅዷን ዘጋችና በእንግሊዝኛ «የተለማመድነውን ተዉት» አለች። «እንግዳችንን የምር ማወቅ የምትፈልጉትን ጠይቁ።»

ጎበዞቹ ተያዩ። ይህ ከሸመደዱት ውስጥ የለም። ዳይሬክተሩ በሩ አጠገብ ቆሞ መሐረቡን አወጣ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ክፍል ውስጥ አንድ ደቂቃ ዝምታ ስንት እንደሚረዝም ያስተማረ ያውቀዋል። መምህርቷ ምላሷን ነክሳ ጠበቀች።

በመጨረሻ ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሳች። ከአሥራ አንዱ አንዷ ናት፤ ስታወራ ድምፅዋ ስለማይሰማ ጓደኞቿ «ሹክሹክታ» ይሏታል። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። ማንም ቃል አላቀበላትም።

«እንግዳ ሲመጣ...» አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «እናንተ ትምህርት ቤት... እንደ እኛ ያለ ልጅ... የት ትደብቃላችሁ?»

ዳይሬክተሩ የሒሳብ ሰው ቢሆንም ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛው በቂ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

እንግዳዋ ፊቷ ቀላ። «ስፖርት ሜዳ እንልካቸዋለን» አለች ቀስ ብላ። «መምህርታችሁ አምና ክፍሌን ልታይ የመጣች ዕለት ሰባት ልጆች ልኬያለሁ።»

መምህርቷ ያን ክፍል አልረሳችውም። አንድም ልጅ ሳይሳሳት መልስ ሲያዘንብ አይታ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች! ሳቋ አመለጣት።

«ሰባት! እኔኮ በቅናት ልሞት ነበር!»

እንግዳዋም ሳቀች፣ ክፍሉም አብሮ አውካካ። ሹክሹክታ ግን አልተቀመጠችም፤ ሁለተኛ ጥያቄ ነበራት። ከዚያ እጆች ተከታትለው ተነሱ። የተሰበረውም፣ የተጣመመውም እንግሊዝኛ ወጣ፤ ግን ሁሉም የራሳቸው ነበር። መምህርቷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ እንደዚያች ሰዓት ኮርታ አታውቅም። በልጆቹም ኮራች፣ በራሷም ኮራች፤ ደበቅ ላድርገውም አላለችም።

እንግዳዋ ከክፍሉ ስትወጣ ለዳይሬክተሩ «ውሉ ይታደስ ብዬ እጽፋለሁ» አለችው። «የልጅቷን ጥያቄ ግን ሪፖርቱ ላይ አስገባዋለሁ።»

«የግድ መግባት አለበት?»

«የግድ።»

ዳይሬክተሩ ግንባሩን ጠርጎ ወደ መምህርቷ ዞረ። «ዛሬ ዕድሜዬን አሳጠርሽው። ሌሎቹ መምህራን ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

በዚህ ትምህርት ቤት መምህር ሌላው መምህር ክፍል የሚገባው የግምገማ ቅጽ ሊሞላ ብቻ ነው። እሷም በሯን ዘግታ ነው የኖረችው። መምህራን ማረፊያ ገባች፣ ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደችና ጻፈች፦ «ነገ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ዘጠነኛ ለ። በሩ ክፍት ነው። መጥቶ ማየት የሚፈልግ መምህር ይግባ። ልምምድ አላደረግንም።»

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልትለጥፈው ስትል አንድ ጊዜ አነበበችው። «ማየት» የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ «ሊያርመኝ» ብላ ጻፈች።