የአረጋሽ ድምፅ ሲደውል

«እንኳን ደስ ያለዎት እማማ አረጋሽ! ከእማማ ተናኘ ጋር ታረቃችሁ አሉ» አለች ሲሃም፣ የምስሩን ፌስታል እየቋጠረች። «እናቴ ናት የነገረችኝ። እርስዎ ነዎት አሉ ቀድመው የደወሉት። ‹ሰው እንዲህ ይለወጣል እንዴ!› ስትል ነው ያመሸችው።»

ሲሃም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አረጋሽ ካለችበት ብሎክ ሥር ሱቅ ያላት ልጅ ናት። እናቷ ደግሞ ላፍቶ ነው የምትኖረው፣ ከተናኘ ጋር በር ለበር። ወሬው ስለዚህ ዞሮ ዞሮ የመጣ አይደለም፤ ትኩስ ነው፣ ከምጣዱ እንደወረደ።

አረጋሽ ለተናኘ አልደወለችም። ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ግን አረጋሽ በዕድሜዋ «አልሰማሁም» ብላ የማታውቅ ሴት ናት፤ ደግሞ ስለ ራሷ በሚወራ ወሬ ልትጀምር ነው?

«አዎ፣ ደወልኩላት» አለች። «ታዲያ ምን አለች?»

«ለማን?»

«ለእናትሽ ነዋ! እኔን ያለችኝንማ እኔ አውቀዋለሁ።»

«እማማ ተናኘ ቅዳሜ ይመጣሉ አሉ። ሁሉንም ነገር ተነጋገርን፣ የልቤን ነገርኳት ብለዋል አሉ።» ሲሃም ወደ ሚዛኑ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምን ነገሩዎት እማማ?»

«የነገረችኝን እዚህ ሱቅ ላይ ቆሜ ላውራልሽ? እኔ ማን መሰልኩሽ?» አለች አረጋሽ። ሲሃም ደነገጠች። አረጋሽ የሰማችውን ሱቅ ላይ ቆማ ያላወራችበት ቀን ትዝ አላላትም።

አረጋሽ ምስሯን ይዛ ደረጃውን አንዴም ሳታርፍ ወጣች። ተናኘ ልትመጣ ነው። ተናኘና አረጋሽ ጎፋ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የወለዱትም ያሳደጉትም። አንዷ ስትወልድ አንዷ ገንፎ አገንፍታለች፤ የውሃ ወረፋ አብረው ተሰልፈዋል፤ ሰው አብረው አምተዋል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ግን አንዷን ጀሞ፣ አንዷን ላፍቶ ጣላቸው። እሱም ባልከፋ። የባሰው የተናኘ ልጅ የታጨች ጊዜ ነው። ተናኘ ወሬውን በዕድሩ ስብሰባ ላይ ራሴ ላብስር ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ስትነሳ፣ ሰዉ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጁ መሐንዲስ ነው አሉ» አላት። አረጋሽ ከበሩ ጀምራ ለየሰዉ ስታድል ነው የገባችው። ተናኘ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አንዷ ስልክ ታነሳና ትተዋለች፣ አንዷም እንደዚያው። አረጋሽ የሰፈሩን ሰው ለሰፈሩ ሰው ማማቱን አላቆመችም፤ ግን ለብቻ የሚያሙት ነገር ጨው የለውም። ይሄንን ለማንም አልተናገረችም።

ምስሯን ቤት ወርውራ ተመልሳ ወረደች፣ ወደ ልጇ ወደ ብሩኬ ቢሮ።

ብሩኬ የመጨረሻ ልጇ ነው። ኮምፒውተር ተምሮ ባንክ ይገባልኛል ስትል፣ ሶፊ ከምትባል አብራው ከተማረች ልጅ ጋር ሆኖ እዚያው ብሎክ ሥር አንዲት ክፍል ተከራየና «ደጃፍ» የሚባል ነገር ከፈተ። ደጃፍ በስልክ ድራማ የሚታይበት ነው። የውጭውን ተከታታይ በአማርኛ አስተርጉመው ይጭኑታል፤ ሰው በወር እየከፈለ ያያል። ሐሳቡ ይሄ ነበር። ሰው ያይ ነበር፤ መክፈሉን ነው ያልለመደው። ከአንድ ሙሉ ብሎክ አንድ ሰው ይከፍልና ፓስወርዱን እንደ ወንፊት ይዋዋሱታል። ሌላው ደግሞ አንድ ወር ከፍሎ፣ እንቅልፉን አጥቶ ድራማውን ጨርሶ ይጠፋል። ድምፅ የሚሰጡት ተዋንያን ክፍያቸው አይቀመስም፤ ድራማው የተቀመጠበት ኮምፒውተር ኪራይ ደግሞ የሚከፈለው በዶላር ነው። ብሩኬ ከሳ። እናቱ በቤተክርስቲያን የጸሎት ርዕስ አድርጋ አስያዘችው።

አንድ ቀን «እማ፣ ዝም ብለሽ ታወሪልኛለሽ?» አላት።

ይሄንን በዕድሜዋ የጠየቃት ሰው የለም።

ግድግዳው ስፖንጅ የተለጠፈበት ክፍል አስገብተው ማይክ ፊቷ ላይ ደቀኑላት። ማንበቡ ስለማይሆንላት የምታውቀውን አወራች። ጎፋን ከዳር እስከ ዳር አወራችው፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ ለምን እንዳገባ፣ ማንን ማግባት እንደነበረበት። ሶፊ ያንን ሁሉ ለማሽን መገበችው። ማሽኑ እንግዲህ ፊደል የቆጠረው በሐሜት ነው። ሲጨርስ የአረጋሽን ድምፅ ቁጭ አድርጎ ያወራ ጀመር፣ መሳቋ ሳይቀር። መጀመሪያ በድራማው ላይ ያለችውን ክፉ አማት አደረጓት። ድራማውን ጀሞ ሁሉ ስለሚያየው፣ አረጋሽ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ስትል ሰው ዞሮ ያያት ጀመር። የፓስተሩ ሚስት ከአምልኮ በኋላ ወደ ጥግ ወስዳ «ያንን ኑዛዜ ግን ለምን አቃጠልሽው?» ብላ ጠይቃታለች።

ድርጅቱን ያዳነው ግን አማቲቱ አይደለችም፤ ስልኩ ነው። አንድ ሰው መክፈል ሲያቆም ማሽኑ ይደውልለታል፣ በአረጋሽ ድምፅ። የት ድረስ አይቶ እንዳቆመ ያውቃል። «ልጄ፣ ደህና ሰነበትሽ? ጠፋሽ እኮ። ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች ታወቀ፣ አንቺ ግን የለሽም። ልንገርሽ ወይስ ራስሽ ታዪዋለሽ?» ይላል። ሰው ማስታወቂያ ይዘላል፣ መልእክት ሳያነብ ያጠፋል፤ የተጀመረ ወሬ አንጠልጥሎ ማደር ግን የሚችል ጀሞ ውስጥ አልተገኘም። በሰው ፓስወርድ የሚያየውንም ማሽኑ ከስልኩ ይለየዋል፤ «እስከ መቼ ነው በጎረቤት ምጣድ ስትጋግሪ የምትኖሪው?» ይለዋል። ከፈሉ። አፍረውም ቢሆን ከፈሉ። ብሩኬ ሥጋ አወጣ። ሶፊ ስብሰባ እየተጠራች «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደንበኛን እንዴት እንደሚመልስ» ታስተምራለች።

ለአረጋሽ ማሽኑ እንደሚደውል ነግረዋታል። ለማን ለማን እንደሚደውል ግን አልጠየቀችም። አለመጠየቅ የሷ ጠባይ አይደለም፣ ግን አልጠየቀችም።

«ለተናኘ ደውላችኋል?» አለች ገና ከበሩ።

ሶፊ ኮምፒውተሩን ነካካችና «ተናኘ… ላፍቶ… አዎ፣ መክፈል አቁመው ነበር፣ ማክሰኞ ተደውሎላቸዋል» አለች። «ዋው! ብሩኬ፣ ይቺን ጥሪ እያት! በጣም ረጅሟ እኮ ናት! የዓመቱን ነው የከፈሉት!»

«ምን ተባባሉ?»

«እሱን ማሰማት አንችልም እማማ። የደንበኛ ሚስጥር ነው።»

«የማን ሚስጥር? የተናገርኩት እኔ አይደለሁ?»

«ድምፁ የእርስዎ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም።»

«ብሩኬ፣ ይቺን ልጅ ስማት! እኔ አይደለሁም አለችኝ።»

«እማ፣ ሕጉ ነው» አለ ብሩኬ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ግን አስቢው፣ የኛ ሲስተም የዓመት ኩርፊያ ፈታ ማለት ነው! ይሄማ በማስታወቂያ መውጣት አለበት። ቅዳሜ መጥቼ እማማ ተናኘን ሁለት ጥያቄ ልጠይቃቸው፣ አጭር ቪዲዮ…»

«ብሩኬ!» አለች አረጋሽ። «ማሽን የምትለዋን ቃል እሷ ፊት ካነሳህ አላሳደግኩህም። አንድ ዓመት ጠብቄ የመጣችልኝን ሴት፣ ‹አይ፣ እኔ አልደወልኩም› ብዬ ልመልሳት? ያኔ መቼም አትመለስም። ገብቶሃል?»

ገብቶኛል አለ። ፊቱ ግን የገባው ሰው ፊት አልነበረም።

ቅዳሜ ተናኘ መጣች። ጉልበቷን እየደገፈች አራተኛ ፎቅ ወጣች፣ አንድ ቆርቆሮ ቅቤ ይዛ። በሩ ላይ ተሳሳሙ፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ መቁጠሩን ተዉት። ሲሃም ሳትጠራ «ሳምቡሳ ላምጣላችሁ ብዬ ነው» ብላ ገብታ ከሶፋው ጫፍ ተቀምጣ ነበር። ብሩኬና ሶፊም አሉ፤ ብሩኬ ስልኩን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል።

«እንግዲህ እንዳጫወትኩሽ…» አለች ተናኘ።

«አዎ አዎ!» አለች አረጋሽ።

«ያ ጉልበቴ ያልኩሽ…»

«ጉልበት ክፉ ነው! እኔንም ደረጃው ገደለኝ እኮ። ሊፍት ይሠራላችኋል ብለው…»

«…ተሻለኝ ልልሽ ነው።»

«ተመስገን! ብያት ነበር፣ ይሻልሻል ብያት ነበር» አለች አረጋሽ ወደ ሲሃም ዞራ። ብላት ይሁን አይሁን አታውቅም።

ተናኘ ሻይዋን ፉት አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የልጄንስ ነገር? ለማንም አልተነፈስሽም አይደል?» አለቻት።

አረጋሽ የያዘችውን ሳምቡሳ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። የልጇ ነገር! ትልቅ ነገር መሆን አለበት። ተነግሯታል፣ በገዛ ድምፅዋ «እሺ፣ ለማንም አልናገርም» ብላለች፣ እና ምን እንደሆነ አታውቅም። ሶፊን አየቻት። ሶፊ መስኮቱን አየች። ያንን ሚስጥር እታች ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ያውቀዋል፣ እሷ አታውቀውም።

«ለማንም» አለች አረጋሽ። «በወንጌል፣ ለማንም አልተናገርኩም።»

እውነቷን ነበር። እንዲህ አይነት ነገር ምላ እውነት ሲሆንላት የመጀመሪያዋ ነው፤ ምንም ደስ አላላትም።

«እንዴት ነው ግን አሁን ነገሩ?» አለች፣ ቀስ ብላ። «ያ… ያልሽኝ ነገር። የመሐንዲሱ ነው ወይስ የሌላኛው?»

«የቱ ሌላኛው?»

«አይ፣ ስንት ነገር አለ ብዬ ነው እንጂ።»

ሲሃም አንገቷን አሰገገች። ተናኘ አረጋሽን አየቻት። ቤቱ ውስጥ የሻይ ማንኪያ ብቻ ተሰማ። ይሄኔ ብሩኬ፣ ዝምታ ሲያይ ሥራ የሚመስለው ልጅ፣ ስልኩን አነሳ።

«እማማ ተናኘ፣ ከማሽናችን ጋር በጣም ረጅም ጊዜ ያወሩት ደንበኛ እርስዎ ነዎት። አገልግሎቱን ከአስር ስንት ይሰጡታል?»

ሶፊ ዓይኗን ጨፈነች።

«የምን ማሽን?» አለች ሲሃም። «ማሽን ነው እንዴ የደወለው? ወይኔ እናቴ! እማማ አረጋሽ፣ ደወልኩ አላሉኝም?»

«ይቀባጥራል!» አለች አረጋሽ። «ሥራ በዝቶበት ነው፣ እንቅልፍ አይተኛም። ተናኘዬ፣ እኔ ልደውል እያልኩ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ…»

«በቅድሚያ ማሳወቅ ነበረብን፣ ይቅርታ እማማ» አለች ሶፊ። «ገና እያሻሻልነው ነው፣ በሚቀጥለው…»

«እኔ እኮ ከአስር ስንት ነው ያልኩት» አለ ብሩኬ።

አራቱም ባንድ ጊዜ ያወራሉ። አረጋሽ ትምላለች፣ ሲሃም ለእናቷ ልትደውል ስልኳን ትፈልጋለች። ተናኘ ሻይዋን እስከ ታች ጠጥታ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ሰብስባ ትነሳለች ብላ አረጋሽ ደነገጠች፤ ግን አልተነሳችም።

«ማሽን መሆኗንማ ገና ስልኩን ሳልዘጋው ነው ያወቅኩት» አለች። «አንዴ እንኳ ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ይሄንን አረጋሽ አታደርገውም።»

«እኔ መቼ ነው ያቋረጥ…»

«ይኸው።» ተናኘ እጇን ከፍ አደረገች። «ካንቺ አይደል የሠሯት? እሷ ሰው መስማት ከቻለች፣ አንቺም ውስጥ የሆነ ቦታ መስማቱ ሳይኖር አይቀርም ብዬ እሱን ፍለጋ ነው አራተኛ ፎቅ የወጣሁት። ከሌለ ንገሪኝ፤ የዓመቱን ከፍያለሁ፣ ቤቴ ሄጄ ከሷ ጋር አወራለሁ።»

ብሩኬ እንኳ ስለ ክፍያው አላመሰገነም።