ያልፈለፈልኩት ቤተ ክርስቲያን

ከሰኔ ወዲህ ምን ምን ጌም እንደተጫወትኩ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር መልሱ ዝግጁ ነው። ሰኔን በኳስ ጨረስኩት። ማንም የማያውቀው አንድ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ይዤ ሻምፒዮን አደረግሁት፤ ተጫዋቾቹ ዋንጫውን ሲያነሡ ላፕቶፑን ዘግቼ ሽሮዬን በላሁ። ሐምሌና ነሐሴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ። የአውሮፓን አውራ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ነዳሁት፤ ድሮ ያስጎበኘኋቸው ፈረንጆች ስለ ከተሞቻቸው ሲያወሩልኝ የነበረውን ሁሉ በመኪናው መስታወትና በዝናብ መጥረጊያው መሐል አየሁት፤ ምንም አልመሰለኝም። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ተራራው፣ ዛፉ፣ ላሙ ሳይቀር እንደ ሳሙና አራት ማዕዘን የሆነበት ዓለም ውስጥ ነኝ። ሰው እየቆፈረና እየቆረጠ የፈለገውን የሚሠራበት ጌም ነው። እኔ ምንም አልሠራሁበትም። አንድ ነጭ ፈረስ አገኘሁ፣ ገራሁት፣ ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሱ ላይ ተቀምጦ መዞር ሆነ።

የምጠብቀውም አለኝ። ገደል የሚወጣበት፣ ጭጋጉ የእውነት የሚመስል አንድ ጌም ይወጣል ከተባለ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ቀኑ ሦስት ጊዜ ተላልፏል። ማስታወቂያውን ከሃያ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። ጓደኛዬ ምስጋኑ «ቢወጣስ ምን ልትሆን? ያንተ ላፕቶፕ እንደሆነ አይችለውም» ይለኛል። አውቃለሁ። የምጠብቀው ለመጫወት አይደለም። ሰው «ምን ይዘሃል?» ሲለኝ «አንድ ነገር እየጠበቅሁ ነው» ለማለት ያህል ነው።

ስሜ ሰውአገኝ ይባላል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ላሊበላ ተወልጄ፣ ላሊበላን አሥራ አንድ ዓመት አስጎብኝቻለሁ። ጦርነቱ መጣ፣ እንግዳ ቀረ። መንገዱ በተዘጋባቸው ወራት እናቴ የስኳር መድኃኒቷ አልቆ ሞተች። ቀብሯ ላይ አላለቀስኩም፤ ሰዉ «ጠንካራ ነው» አለኝ። ጠንካራ አልነበርኩም፤ ባዶ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ እንግዳ መምጣት ሲጀምር ጓደኞቼ መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወጡ። የእኔ እስካሁን ምስማሩ ላይ ነው። ምስጋኑ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ስለሆነ ጌሞቹን የሚያወርድልኝ እሱ ነው። እንግዳ የሌለው ሆቴል ዋይፋዩ ፈጣን ነው።

የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ገብረ ሊባኖስ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ጎልማሳ ሳሉ በብልባላ በኩል አንድ መነኩሴ አዲስ ቤተ መቅደስ ከአለት ሲያስፈለፍሉ ሦስት በጋ መሮ ይዘው ሠርተዋል፤ ያንን ሥራ እስከ ዛሬ እንደ ትናንት ነው የሚያወሩት። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ የቀረውን በጆሮ ነው። በደጃችን ያለፈውን ባጃጅ የማን እንደሆነ በሞተሩ ድምፅ ይነግሩኛል። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ነጻ የዓይን ሕክምና ወደ ሆስፒታላችን ይመጣል፤ በየዓመቱም እንሂድ ስላቸው «እናትህ ከሄደች ወዲያ ምኑን ላየው ብዬ ነው?» ይሉኛል። አጥብቄም አልለምናቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ የማያይ አባት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይመቻል። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ስውል አያዩኝም።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ እኔ ጥጌን ይዤ ፈረሴን እየጋለብኩ ሳለ፣ ድንገት ጠየቁኝ።

«አንተ፣ ይሄ ቀኑን ሙሉ የምትነካካው ነገር ምንድን ነው?»

«ጌም ነው አባዬ።»

«ጌምነቱንስ ሰምቻለሁ። ምን ትሠራበታለህ?»

ምንም፣ ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእንግዳ የማይታየውን ሲያሳይ የኖረ አፍ ነው።

«ቤተ ክርስቲያን እየፈለፈልኩ ነው» አልኩ።

አባቴ ከተደገፉበት ቀና አሉ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንደዚያ ቀና ሲሉ አላየሁም።

«ከአለት?»

«ከአለት።»

«ከየት በኩል ጀመርከው?»

«ከ… ከበሩ።»

«በስመ አብ!» አሉ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ መቱ። «ከበር ይጀመራል እንዴ? በር የሚወጣው መጨረሻ ነው! አንተ ደግሞ አስጎብኚ ነኝ ትላለህ!»

ልክ ናቸው። ከላይ ወደ ታች እንደሚፈለፈል ለስንት ሺህ ሰው የተናገርኩት እኔው ነኝ። መዋሸት ስጀምር ግን እሱም ጠፋኝ።

«እንደ አዲስ እጀምረዋለሁ» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ አውርድ። አለቱ ብቻውን ይቁም። ከዚያ ጣሪያውን። ዓምድ የሚሆነውን ሳትለይ ደግሞ ውስጡን እንዳትነካ፤ አንዴ ከቆረጥከው የምትቀጥልበት የለህም። ቀስ በል፣ አትቸኩል።» ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አዘነበሉ። «ይሄ ኮቴስ? የፈረስ ኮቴ ይሰማኛል።»

«ፍርስራሹን የሚያመላልስ ፈረስ ነው።»

«ጥሩ። እኛስ በቅርጫት ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳችንን እንደበላን «የት ደረስክ?» ማለት ልማድ ሆነ። እኔም እነግራቸዋለሁ። ቦዩ ስድስት ክንድ ወረደ። ጣሪያው ላይ መስቀል ወጣ። በሰሜን በኩል አለቱ ቀይና ለስላሳ ሆኖ አገኘሁት። ይሄኔ ጣልቃ ገብተው «ለስላሳውን እንዳታምነው፤ ውኃ ይጠጣል» ይሉኛል። ፊቴ ያለው ስክሪን ላይ ማንም ያልነካው ኮረብታና አንድ ነጭ ፈረስ ብቻ ነበር። አንዳንድ ቀን «ለምን በእውነት አልፈለፍለውም?» እላለሁ። አንድ ኩብ አለት እቆርጣለሁ። ከዚያ ሁለተኛውን ለመቁረጥ የሚያነሣሣኝ ነገር ከየት እንደሚመጣ ይጠፋኝና ወደ ፈረሴ እመለሳለሁ። ውሸቱም አላሳፈረኝም። ቢያሳፍረኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ምስጋኑ ደወለ።

«አራት እንግዶች መጥተውልሃል! ሁለት ቀን ላሊበላ፣ አንድ ቀን ይምርሐነ ክርስቶስ። አንተን ነው ያልኳቸው።»

«ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኩት።

«ባለፈውም ጉሮሮዬን ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«አልተሻለኝም።»

«አብሽር፣ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሎ ዘጋው። ስልኩን አስቀምጬ ፈረሴን አስነሣሁ። አባቴ መደቡ ላይ ነበሩ።

በማግሥቱ ግን ገና ቁርስ ላይ ሳለን «ሰውአገኝ፣ ያ የዓይን ሕክምና መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ።»

«አስመዝግበኝ።»

እጄ ላይ ያለው እንጀራ ወጥ እንደነካ ቀረ። «ምን ተገኘ አባዬ?»

«የማየው ነገር አለኝ» አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አራት ዓመት ሙሉ እምቢ ያሉት ሰው እኔ በአፌ የፈለፈልኩትን ለማየት ብለው ዓይናቸውን ለቢላ ሊሰጡ ነው። ማስመዝገቡን አስመዘገብኳቸው። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሦስት ሳምንት አለኝ። ጎበዝ ልጅ ቢሆን በአራት ቀን ይጨርሰዋል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሁለት ኩብ ቆረጥኩ፤ በሁለተኛው ምንም። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ «ከሕክምናው ስመለስ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀኝ እንጂ» ይላሉ። አሁንም ሐዘኑ፣ ፍርሃቱ፣ የሚሰማኝ መሆን የነበረበት ነገር ሁሉ ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ የሬዲዮ ድምፅ ነበር። መኖሩን አውቃለሁ፤ የሚለው ግን አይለይልኝም።

በመጨረሻ ነገሩን ለምስጋኑ ነገርኩት። በሳቅ ሞተ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ የት አገር እንዳለ የማላውቀው አንድ ሰው በዚያው ጌም የሠራውን ቤተ ጊዮርጊስ አወረደልኝ። ከፈትኩት። መስቀሉ አለ፣ መስኮቶቹ አሉ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ድርብርብ መስቀል እንኳ አልቀረም። ግን ሜዳ ላይ ነው የቆመው። ሜዳ ላይ! እንደ እህል መጋዘን ከታች ወደ ላይ ተደርድሮ! ለአፍታ ያህል ንድድ አለኝና ራሴ ገረመኝ፤ ከተናደድኩ ቆይቼ ነበር። ንዴቱ ግን ቡና ሳይፈላ በፊት በረደ። መጀመሪያ የሚሠራላቸው አንዱ ዓይን ብቻ ነው፤ ገና በተሠራ አንድ ዓይን ለሚያይ ሰው፣ ለእሳቸው ይበቃል አልኩ። «ላሊበላ» ብዬ አስቀመጥኩት።

የአባቴን ቀኝ ዓይን ሲሠሩላቸው ውጭ አግዳሚ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ የዚያን የሚጠበቀውን ጌም ዜና አነበብኩ። ለአራተኛ ጊዜ ተላልፏል። በማግሥቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታች። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ፣ ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ዓይናቸው ቀልቶ ውኃ ያዘለ ነበር። ግድግዳውን አዩ፣ የነርሷን ነጭ ልብስ አዩ፣ እጃቸውን ገልብጠው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ዓይናቸውን እዚያው ተከሉት።

«ይታይዎታል?» አለች ነርሷ።

«ይታየኛል» አሉ። ድምፃቸው የተደሰተ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ጠብታውን ሰጠችኝ፤ በቀን ስድስት ጊዜ፣ ውኃ እንዳይነካቸው፣ ጎንበስ እንዳይሉ። በባጃጅ ስንመለስ አባቴ የሚያልፈውን መንገድ ያያሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መንገዱን ትተው በጎን እኔን ያያሉ። እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

ቤት ገብተን መደባቸው ላይ አስቀመጥኳቸውና ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ስም አለ። አንዱ «ላሊበላ»፣ ሌላው የእኔው «ፈረስ»። ጣቴን «ላሊበላ» ላይ አሳረፍኩ።

«በሩን ጨርሻለሁ አባዬ፤ አሁን አሳይዎታለሁ።»

«ፈረሱን አሳየኝ» አሉ።

«ምን?»

«ፈረሱን። ሁለት ወር ሙሉ የሰማሁት የፈረስ ኮቴ ነው። አለት ሲቆረጥ የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። እኔ እኮ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፣ ልጄ።»

ፊቴ ጋለ። ጣቴ ባለበት ቀረ።

«ካወቁ ታዲያ ለምን ነበር የሚጠይቁኝ?»

«ስትዋሸኝ ትንሽ ትንሽ ታወራ ነበራ። ሌላውን ጊዜማ ድምፅህም የለ።»

«ዓይንዎንስ? የማየው ነገር አለኝ ብለው አልነበር?»

«አለኝ እንጂ» አሉ። «ለምስጋኑ ጉሮሮዬን አሞኛል ያልከው ዕለት አዳመጥኩህ። ጉሮሮህ ደህና ነው። ድምፅህ ግን ሰው የሌለበት ቤት ሆኖ ተሰማኝ። በጆሮዬ ብቻ ምን እንደሆንክ ላውቅ አልቻልኩም። ፊትህን ማየት ነበረብኝ።»

«ላሊበላ» የሚለውን ትቼ «ፈረስ» የሚለውን ከፈትኩት። አረንጓዴ ኮረብታ፣ አናቱ ላይ ጥቂት ትናንሽ ጉድጓዶች፣ ከሥሩ ነጭ ፈረስ። አባቴ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«የትም።»

«ከመስከረም ጀምሮ?»

«ከመስከረም ጀምሮ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስክሪኑን ትተው እጃቸውን ዘረጉና ጢሜን ያዙት፤ ድንጋይ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ።

«መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»

«እንጃ አባዬ። እኔም አላየሁትም ነበር።»

ስናገር ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረ። አላለቀስኩም። ግን ሰማሁት፤ እሳቸውም ሰሙት፤ ጢሜን ሳይለቁ ቆዩ።

የጠብታው ሰዓት ደርሶ ነበር። ላፕቶፑን መሬት አስቀምጬ ተነሣሁ። ራሳቸውን ወደ ኋላ ደገፍ አድርገው ያችን የቀላች ዓይናቸውን ገለጡልኝ፤ ከታች ወደ ላይ ፊቴን እያዩ ጠበቁኝ። ብልቃጡን ያዝኩ፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ወደቀች።

«ቀስ በል» አሉኝ። «አትቸኩል።»