ኖሮ የተከሰሰችበት ስብሰባ

ሰው ይከሰሳል። የሰው እህል የበላች አህያም በባለቤቷ በኩል ትከሰሳለች። ቃል ሲከሰስ ግን ወላሂ ያየሁት አዋሽ ላይ ነው። የተከሰሰችው «ኖሮ» ናት። አዎ፣ ያቺው «ቢሆን ኖሮ» የምንላት። በሷ ሰበብ ሊታሰር የነበረው ደግሞ የልጄ የሀጂራ የታሪክ አስተማሪ፣ ቲቸር ስዩም ነበር።

ስዩም ከደጋ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ የኛ ፀሐይ ደግሞ ይባስ አከሳው። በዚህ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ታሪክ ማስተማር ማለት ልጅ ማስተኛት ነው። የኔዋ ደብተሯን ተንተርሳ እንደምታንኮራፋ ሻይ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነግሮኛል። አንድ ቀን ግን ቢመረው መጽሐፉን ዘጋና፣ ባቡሩ በአዋሽ ባያልፍ ኖሮ ዛሬ ምን እንሆን ነበር ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ እኔ አልወለድም ነበር አለ፤ ሌላው ግመል እጠብቅ ነበር አለ፤ የኔዋ ጉድ ደግሞ፣ እናቴ ሻይ የምትሸጠው ለከርከሮ ነበር አለች። ስዩምም ያልሆነውን ለማወቅ መጀመሪያ የሆነውን እወቁ፣ ሂዱና ሽማግሌ ጠይቁ ብሎ ሰደዳቸው።

በቃ፣ እንቅልፍ ድራሹ ጠፋ። ሀጂራ ባቡር ጣቢያው ጥላ ሥር የሚውሉትን ጡረተኞች ፋታ ነሳቻቸው። እኔንም ከወሎ ለምን ወረድሽ፣ ባትወርጂ ኖሮ ማንን ታገቢ ነበር እያለች አደረቀችኝ። አባቷ ጫቱን አቁሞ መልሴን ሲጠብቅ አየሁና ጨዋታ ቀየርኩ።

ወሬው ጓድ ሀብቴ ጆሮ ደረሰ። ጓድ ሀብቴ በደርግ ጊዜ የከተማችን ካድሬ ነበር። ሙሉ ስሙ ሀብተ ሥላሴ ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ሥላሴን አሰናብቶ ሀብቴን ብቻ አስቀረ። ወላጅ፣ አስተማሪና ተማሪ ይሰብሰብ ተባለ፤ ሥራ ፈትተን ተሰበሰብን። ላቡን እየጠረገ አስረዳን። ታሪክ በሕግ ነው የሚሄደው አለ። «ኖሮ» ማለት ታሪክ ሌላ መንገድ ነበረው ማለት ነው፤ ሌላ መንገድ ከነበረው ደግሞ አብዮቱ ሊቀር ይችል ነበር ማለት ነው፤ ይህ አድኃሪነት ነው አለ። ስለዚህ ቃሏ ከዛሬ ጀምሮ ታግዳለች፣ ስዩምም ወደ አውራጃ ተወስዶ ይመረመራል። ያኔ ለምርመራ የሄደ ሰው ሲመለስ አላየንም።

ከመሄዱ በፊት ግለ ሂስ ያድርግ ተባለ። ስዩም ተነሣና፣ ይህን ባውቅ ኖሮ ባላስተማርኩ ነበር አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶውን እንዳነሣ ቀረ። የታገደ ቃል እንዴት ይጻፍ? ጓድ ሀብቴን ቢጠይቀው ዝለላት አለው። «ይህን ባውቅ ባላስተማርኩ ነበር» ተብሎ ተጻፈ።

ጓድ ሀብቴ ንግግሩ ሞቀለት። ሞቀለትና በየስብሰባው የለመዳትን አወረዳት።

«አብዮቱ ባይፈነዳ ኖሮ፣ ጓዶች፣ እኔ ዛሬ ምን እሆን ነበር?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱ የፈለገው ጭብጨባ ነበር እንጂ መልስ አልነበረም። ሀጂራ ግን እጇን አወጣች። ቀሚሷን ብስብ አልደረስኩባትም።

«እንደ ድሮው የምድር ባቡር ፉርጎ ጠባቂ ይሆኑ ነበር፣ ጓድ» አለች። «ሽማግሌዎቹን ጠይቄያለሁ። የጉምሩክ ፊናንስ ሊፈትሽ ሲመጣ የነጋዴ ሴቶቹን የኮንትሮባንድ ጨርቅ ይደብቁላቸው ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ይወድዎት ነበር።»

ማንም ጮክ ብሎ አልሳቀም፤ ብቻ የሰዉ ትከሻ ሁሉ በታፈነ ሳቅ ተንቀጠቀጠ። እኔማ ልጄ ዛሬ ተበላች አልኩ። ጓድ ሀብቴ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል አለ።

የልጄን እጅ አንቄ ይዤ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ያ ረቢ፣ አለቀልን አልኩ። እሱ ግን ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መዲና፣ እውነት ሰው ይወደኝ ነበር?»

ያን ጊዜ ከደበቀው ጨርቅ ግማሹ የኔ ነበር። ጓድ ማለቱ ጠፋብኝ፤ ፍርሃቱም አብሮ ጠፋ።

«ይወድህ ነበር፣ ወንድሜ» አልኩት። «ስዩምን ካስወሰድከው ግን ያንንም እንረሳዋለን።»

ላቡን ጠርጎ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ስዩም ክፍል ገባ።