ጋቢና የተቀመጠ ጊታር

«ፎቶው ይወጣል። ከፎቶው በቀር ምንም አይወጣም» አሉ ጋሼ አለምነው፣ የእንዳልካቸውን የምርቃት ፎቶ በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት የቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሉሐረግ ፍራሹ ላይ እንዳለች ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ጊታሩስ?»

እንዳልካቸው ታናሽ ወንድሟ ነው። ትናንት እሑድ ቀበሩት። ነገ ሰልስቱ ነው፤ በሰልስት ደግሞ የሟች ዕቃ አደባባይ ይወጣል። ጀግና ከሆነ ጠመንጃው ወጥቶ ይተኮሳል፣ ፈረሰኛ ከሆነ ፈረሱ ተጭኖ ይዞራል፣ የተማረ ከሆነ ፎቶው ከነጋዋኑ ይዞራል። አልቃሿ ያንን እያየች ሙሾ ታወርዳለች፣ ሕዝቡም ያንን እያየ ያለቅሳል። ሰው የሚለቀስለት በወጣለት ዕቃ ነው። ያልወጣው ነገሩ አብሮት ይቀበራል፣ በቃ።

ጋሼ አለምነው የአባቷ ወንድም ናቸው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ እሷንም እንዳልካቸውንም ያሳደጉ እሳቸው ስለሆኑ በዚህ ቤት ከቃላቸው የሚወጣ የለም። አሁንም አዩዋትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በዚህ ዘር አዝማሪ አልተወለደም። እሱም ቢሆን፣ ለእንጀራው ሰርግ ይዙር እንጂ፣ በልቡ ትቶት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በቤቴ ኮሽ ሲል አልሰማሁም። ልጄ የማኔጅመንት ምሩቅ ነው።»

ልጄ! የሙሉሐረግ ደም ፈላ። በቁሙ አንድ ቀን ልጄ ብለውት አያውቁም፤ «ያ አዝማሪ ገባ? ያ አዝማሪ በላ?» ነበር የሚሉት። ዲግሪውን ሣጥን ውስጥ ወርውሮ አምስት ዓመት ሙሉ ከላላ፣ ማሻ፣ ወግዲ እየዞረ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ሰርግ ሲያደምቅ የኖረ ልጅ፣ ከሞተ በኋላ የማኔጅመንት ምሩቅ ሆነ። እሷ ጠንከር ያለ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ሽማግሌዎቹ ፊት ነውና ዋጠችው።

እናቷ ወይዘሮ ብርሀንነሽ ከጎኗ ድምፃቸው ተዘግቶ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ሰው «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»፣ «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ ይገባል፣ ከንፍሮው አንድ እፍኝ ይዞ ይቀመጣል፣ ያንሾካሹካል። ምን እንደሚያንሾካሹክ ታውቃለች። ስለ ጋቢናው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እንዳልካቸው ከወግዲ ሰርግ ሲመለስ ጤፍ የጫነ አይሱዙ አገኘ። ጋቢናው ውስጥ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነበር። ይኼ ጅል፣ ሙት ወቃሽ አያርገኝና፣ ጊታሩን በጃኬቱ ጠቅልሎ ጋቢና አስቀመጠና እሱ ጭነቱ ላይ ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው በጎኑ ተኛ። የሾፌሩ እጅ ተሰበረ። ጊታሩን አንዲት ጭረት አላገኘችውም። ወይ ነዶ! ሰው ለእንጨት ጋቢና ይለቃል?

ልብሴን ቀይሬ ልምጣ ብላ ተነሳች። ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሳም፤ ሴቶቹ ዓይናቸውን ተከሉባት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወጣች።

የፋሩቅ ሞባይል መጠገኛ መናኸሪያው አጠገብ ነው። እንዳልካቸው፣ ፋሩቅና የፋሩቅ እህት ሀናን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረው ጊታር ሲለማመዱ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሾፌሩም ጊታሩን ያደረሰው እዚያ ነው። ፋሩቅ ሐዘንተኛዋ በር ላይ ቆማ ሲያያት ደነገጠ፤ ዓይኑ ከቀብር መልስ እንዳበጠ ነው። ነገ ጊታሩን እንደምታወጣ ነገረችው። እሱም ተቃውሞ የለኝም፣ ይዘሽው ዙሪ አላት።

«ጠመንጃ ሲወጣ ዝም ብሎ ይዞራል? ይተኮሳል እንጂ» አለች። «የወንድሜም ዕቃ ዲዳ አልነበረም።»

«እት ሙሉ፣ በለቅሶ ላይ ዘፈን? ወላሂ ቅሬው ከአገር ያስወጣናል።»

«ዘፈን አላልኩም። የታፈነውን ነው የምመታው። እንደ ደረት ድቂያ የሚሰማውን።»

ፋሩቅና ሀናን ተያዩ። ማፈን የሚሉት ክሮቹን በቀኝ መዳፍ ጎን፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለው ሥጋ፣ ከሥራቸው ዳበስ አድርጎ ይዞ መምታት ነው። ያን ጊዜ ክሩ እንደ ልቡ አይጮህም፤ ድም ድም እያለ ከውስጥ ይናገራል። ለለቅሶ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ ሙሉሐረግ አትችለውም። ችላው አታውቅም።

ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ጨርቅ በመዳፏ ተጭና ወደ መርፌው ስትገፋ የኖረች ሴት፣ ጊታሩንም የያዘችው እንደ አቡጀዲ ነው። መዳፏ ክሩን ይጨፈልቀዋል፣ ከዚያ ሳይታወቃት ወደፊት ይንሸራተታል፣ ድምፁ ጧ ብሎ ይሞታል። እንዳልካቸው ዓመት ሙሉ ሲያስተምራት በሳቅ ይፈርስ ነበር። «እትዬ፣ አትስፊው፤ ሱሪ አይወጣውም» ይላታል። ዐርብ ዕለት ወደ ወግዲ ከመሄዱ በፊት፣ አንዴ እንሞክር ብሎ ማሽኗ አጠገብ መጥቶ ቆመ። የሰው ልብስ ተከምሮባት ነበርና ጨጓራዋን ላጠው። «ሂድልኝ እስቲ፣ ሥራ ፈት» አለችው። ሄደላት።

ሀናን ወንበር ሰጠቻት። የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ስለሆነች ነው መሰል ሲበዛ ታጋሽ ናት። ሙሉሐረግ መታች። ጧ። ፋሩቅ መዳፏን ይዞ ወደ ኋላ መለሰላት፤ ክሮቹ ከእንጨቱ ጋር የሚታሰሩበት ጠርዝ ላይ ግማሹ እንዲያርፍ አደረገ። መታች። አሁን ደግሞ መዳፏን አነሳችውና ክሩ ለቀቅ ብሎ ጮኸ። ፋሩቅ ዘሎ የሱቁን በር ዘጋ፤ የሐዘንተኛ ጊታር መናኸሪያ ድረስ ተሰማ ቢባል ጉድ ነው። እንደገና ሞከረች። ጧ። እንደገና ሞከረች፤ ክር መምቻዋ ፕላስቲክ ከጣቷ አምልጣ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሙሉሐረግ ብድግ ብላ ጊታሩን ከራሷ በላይ አነሳችው።

«አንተ ጋቢና ተንፈላስሰህ መጣህ አይደል?» አለችው፣ ጊታሩን።

ፋሩቅ ሊነጥቃት ተነሳ፤ ሀናን እጁን ያዘችው። ተይ አላለቻትም። አልቅሺ፣ ይወጣልሽ ብላም አልመከረቻትም። ሁለት ቀን ሙሉ አልቅሺ ሲሏት አንገፍግፏት ነበርና ሙሉሐረግ ይህቺን ልጅ በዚያች ደቂቃ ወደደቻት። ጊታሩን አወረደችው።

«ንዴትሽን ጣትሽ ላይ አድርጊው፤ እንደፈለግሽ ምቺበት» አለቻት ሀናን። «መዳፍሽ ግን ንዴትሽን አይስማ። የተኛ ሕፃን ላይ እንዳረፈ እጅ ይሁን።»

እስከ አሥር ሰዓት ለፉ። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይሞታል። እረፍት ሲያደርጉ ፋሩቅ አብሽሪ፣ ወንድምሽም መጀመሪያ እንዳንቺው ነበር አላት። ከዚያም ይህን ነገር ሊማር የመጣበትን ቀን ነገራት። ሁለት ዓመት ሆነው፤ ጋሼ አለምነው ያ ክፉ ራስ ምታት የጀመራቸው ሰሞን ነው። እንዳልካቸው መጥቶ፣ ግድግዳ የማያልፍ አመታት አስተምሩኝ አለ። ፋሩቅ ከስልኩ ቪዲዮ ላይ ያገኘውን አሳየው፣ ሀናን እጁን አረመችለት፣ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ይኼን ሁሉ ከምትለፋ ለምን እዚሁ ሱቅ አትጫወትም ቢሉት፣ ጋሼ ማታ ብቻቸውን ሲሆኑ ይከፋቸዋል፣ ቤት ልሁንላቸው፣ ብቻ እንዳልረብሻቸው አላቸው።

ሙሉሐረግ ጊታሩን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ለካ ጋሼ ትቶት ነበር ያሉት ይኼን ነው። ልጁ ከራሳቸው ጎን፣ ከአንድ ግድግዳ ማዶ፣ ለእሳቸው ሲል እያፈነ ሲጫወት ከርሟል፤ እሳቸው ደግሞ ዝምታውን እንደ ንስሐ ቆጥረውለታል። እሱስ ቢሆን ምነው አንዴ አፍ አውጥቶ ቢነግራቸው? ምነው ሁልጊዜ ቦታ ለቃቂ እሱ ብቻ ይሆናል? በአጎቷም፣ በወንድሟም፣ በግድግዳውም ተናደደች። ያንን ንዴት ጣቷ ላይ አድርጋ መታች። ድም። ድም። ድም። ፋሩቅ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ።

የማክሰኞው ለቅሶ ረፋድ ላይ ተጀመረ። ከከላላ በበቅሎ የመጣ አለ፣ ከወግዲ ያ ዐርብ ያገባው ሙሽራ ራሱ መጥቷል። ሕዝቡ ክብ ሠራ። ጋሼ አለምነው ፎቶውን ደረታቸው ላይ ይዘው ዞሩ። አልቃሿም የተማረውን፣ የተመረቀውን፣ ሹመት የሚጠብቀውን እያለች አወረደች። ሕዝቡ ወግ ነውና አለቀሰ። የወግዲው ሙሽራ ግን ግራ ገብቶት ጋዋን የለበሰውን ሰውዬ ያያል።

ሙሉሐረግ በጋቢ የጠቀለለችውን ጊታር ገለጠችና ክቡ መሃል ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፋሩቅና ሀናን ከኋላዋ ቆሙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኧረ ያዟት፣ ልጅቷ ለይቶላታል አለ። የሚይዛት ግን አልተነሳም።

የመጀመሪያው ምት ጧ አለ። ሁለተኛውም ጧ አለ። ክቡ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። ሙሉሐረግ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትከሻዋን ጣለች፣ መዳፏን አሳረፈች።

ድም። ድም። ድም።

ደረታቸውን ሲደቁ የነበሩት ሴቶች ሳያስቡት ከምቱ ጋር ገጠሙ። ሙሉሐረግ አልቃሽ አይደለችም፣ ግጥምም አታውቅም። የመጣላት ይኼ ነው፦

«ጋቢናን ለእንጨቱ ለቆ የተነሳ፣
እናቱን ረሳ፣ እህቱን ረሳ።»

አደባባዩ በእሪታ ተናወጠ። ለሦስት ቀን ድምፃቸው ተዘግቶ የነበረው ወይዘሮ ብርሀንነሽ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ የልጃቸውን ስም ጠርተው ጮኹ። የወግዲው ሙሽራ መሬት ላይ ተደፋ። አሁን የሚለቀስለትን ሁሉም አወቀው።

ጋሼ አለምነው ፎቶውን ለሰው አቀብለው መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። አጎነበሱና ሰፊ እጃቸውን ክሮቹ መሃል ላይ ጫኑት። ጊታሩ ጸጥ አለ። ደረት የሚደቁትም ቆሙ።

«ይበቃል» አሉ።

ሙሉሐረግ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ትቶት አልነበረም፣ ጋሼ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከግድግዳዎ ማዶ ሲጫወት ነበር። እንዲህ አፍኖ መምታት የተማረው ራስዎን እንዳያምዎት ብሎ ነው።»

 የጋሼ አለምነው እጅ እንደተጫነ ነው። ሙሉሐረግ አንጓቸውን ያዘች። የያዘችው በንዴት ነው፤ እጃቸውን ከጊታሩ ላይ አሽቀንጥራ ልትጥለው ነበር። አልጣለችውም። ጎተተችው፣ ክሮቹ ወደሚታሰሩበት ጠርዝ ወሰደችው፣ እዚያ ላይ በጎኑ አሳረፈችው። ከዚያ በጣቷ መታች።

ከሽማግሌው መዳፍ ሥር ድም አለ። ጋሼ አለምነው መዳፋቸውን አዩት። እሷ እንደገና መታች፣ እንደገና መታች። እሳቸውም እጃቸውን ሳያነሱ ቀስ ብለው ከጎኗ ተንበረከኩ።