ቤቱ ባዶ የሆነበት ቀን

ማስታወቂያው የተለጠፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን የሰማችው ረቡዕ ከሰዓት፣ ኮሌታ እየገለበጠች ሳለ ነበር። ወሬውን ያመጡላት የአባቷ ቤት ጎረቤት የሆኑት ሴትዮ ናቸው። ገና እግራቸው ሱቋ ውስጥ ሳይገባ፣ "አንቺ፣ ቤታችሁን ሊያፈርሱት ነው! ለጣፊው መጥቶ ቀይ ወረቀት ግጥም አድርጎበት ሄደ" አሏት።

ለጣፊው የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ነው። የሙጫ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ሰው በሌለባቸው ቤቶች በር ላይ ሲለጥፍ ስለሚውል እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም።

ሥራዋን ጥላ ሮጠች። ወረቀቱ ከሦስት ዓመት በላይ ሰው ያልኖረበት ቤት ለሰፈር ጠንቅ ነው ይልና፣ ባለመብቶቹ በሙሉ በስልሳ ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው የጥገና ውል ካልፈረሙ ይፈርሳል ብሎ ይጨርሳል። ሁለቴ አነበበችው። ሐሰት የለበትም። ጣሪያው ባንድ ወገን ሰምጧል። አይጡ ከዚያ ወጥቶ የጎረቤት ጓዳ ያንጎዳጉዳል፤ በጓሮ በኩል ደግሞ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ዘሎ ሲገባ ታይቷል። ሴትዮዋ ሳይቀሩ አቤቱታው ላይ ፈርመዋል። "አትቀየሚኝ የኔ ልጅ፣ ፈርቼ ነው" አሏት፤ አልተቀየመችም።

አባቷ አሸንዳ ሠሪ ነበሩ። ባለ አራት ክፍሉን ቤት በገዛ እጃቸው ነው ያቆሙት። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ያልገባበት ታዲያ ባለቤት ጠፍቶ ሳይሆን ባለቤት በዝቶ ነው። ታላቅ ወንድሟ የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ ታናሹ አስተማሪ። ከቀብሩ በኋላ ታላቅየው በሩ ላይ ቁልፍ አንጠለጠለ። በሳምንቱ ታናሽየው መጥቶ ከጎኑ ሌላ ቁልፍ አንጠለጠለ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ያለሌላው መግባት አይችልም፤ አብረው ደግሞ አይመጡም። እሷ ቁልፍ ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ከሱቋ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች።

ጠቡ ስለ ቤት አልነበረም። አባታቸው ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲውሉ አጥቦ፣ አጉርሶ፣ አገላብጦ ያስታመማቸው እዚያው አብሯቸው ይኖር የነበረው ታናሽየው ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ታላቅየው መኪና ይዞ መጣና አባቱን አቅፎ ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው። አስተማሪው ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ቤት እየወጣ ይጠይቃቸው ነበር። በሃያ ስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ እሱ ሳይኖር፣ ዐረፉ። "አባቴን ሰረቀኝ" አለ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልመለሳትም።

ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ግን አለ። ታላቅየውን ደውላ "ና ውሰዳቸው" ያለችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ከስቶ፣ ቆሞ እያንቀላፋ፣ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወድቆ አይታው ነው። "እኔ ነኝ ያልኩህ እንዳትለው፤ አልቻልክም ያልኩት ይመስለዋል" ብላ ለመነችው። ታላቅየው እሺ አለ፤ አፉንም ዘጋ። እሷ ደግሞ ዛሬ ነገ ስትል ሰባት ዓመት ሞላት።

መጀመሪያ የሄደችው ጋራዥ ነው። ታላቅ ወንድሟ ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

"ጋሼ፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው።"

"ይፍረስ።"

"እንደሱ አትበል። ሦስታችን ቀርበን ብንፈርም ይተርፋል።"

"እሱ ይፈርምና እኔ እፈርማለሁ። ሌባ ያለኝ እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።" ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዓይኗን ትክ ብሎ አየ። እሷም መሬት መሬት እያየች ወጣች።

ታናሽየውን መምህራን ማረፊያ ክፍል አገኘችው፤ የፈተና ወረቀት ያርማል። ቀና ሳይል "እትዬ፣ እሱ ያለበት ክፍል አልገባም" አላት።

"የመንግሥት ቢሮ እኮ ነው።"

"ቢሆንስ?"

ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ብቻዋን መፈረም ትችል እንደሆነ ጠየቀች። አራተኛው መስኮት ያለችው ልጅ መዝገብ ገልጣ፣ "አንቺ ሲሶ ነሽ እህቴ። ሲሶ ቤት አይጠገንም" አለቻት። ክፋት የላትም፤ ደንቡን ነው የምታነብላት። እኔው ልግባበትና ልኑርበት ብትልም መልሱ ያው፣ ሁለቱ ይፍቀዱ ነው። ሃምሳ ቀን ሙሉ ከጋራዥ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ማዘጋጃ ቤት ስትመላለስ እግሯ ቀጠነ። ደንበኞቿ ቁርጥ ጨርቃቸውን መልሰው እየወሰዱ ሌላ ሰፊ ጋ ሄዱ። በመጨረሻ ታላቅየውን በሚስቱ በኩል፣ ታናሽየውን በእንባዋ አሳመነች።

በስልሳኛው ቀን ሦስቱም የለጣፊው ቢሮ ውስጥ ተቀመጡ። እሷ መሃል ሆነች። ወንድማማቾቹ አንዱ መስኮቱን፣ አንዱ የግድግዳውን ካርታ ያያሉ። ለጣፊው ቅጹን አወጣ።

"ለቤቱ ተጠሪ የሚሆነው ማነው? አንድ ስም ብቻ ነው።"

በዚህ ይጣላሉ ብላ ፈራች። ታላቅየው ግን "እሷ ትሁን" አለ። ታናሽየውም ካርታውን እያየ "እሷ ትሁን" አለ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር እኩል ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። እሷ በሐሳቧ የልብስ ስፌት መኪናዋን የፊት ለፊቱ ክፍል መስኮት ሥር አስቀምጣው ነበር።

"ጥሩ" አለ ለጣፊው እየጻፈ። "ቤቱ ባዶ የሆነው መቼ ነው? ቀንና ምክንያት።"

"አባባ ያረፉ ዕለት" አለ ታላቅየው።

"አይደለም" አለ ታናሽየው፣ አሁንም ካርታውን እያየ። "ከዚያ ሃያ ስድስት ቀን በፊት ነው። እሱ የወሰዳቸው ዕለት። እኔም በዚያው ቀን ነው የወጣሁት።"

"አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?"

"ቀን ነው የጠየቀው። ቀኑን ነገርኩት።"

"ወሰዳቸው ብለህ አጽፈህ እኔን ልታስፈርም ነው? አልፈርምም!"

"እንግዲያው እኔም በውሸት ላይ አልፈርምም።"

ልብስ ሰፊዋ ለጣፊውን "ጌታዬ፣ እሱ ቦታ ባዶውን ይለፍ" ብላ ለመነች።

"ባዶ ካለፈ ይመለስብኛል። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው" አለ። ያዘነ ይመስላል።

ያኔ ነው የተናገረችው። ሰባት ዓመት ያፈነችው ነገር ባንድ ትንፋሽ ወጣ። "ውሰዳቸው ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ደውዬ ነው። አንተ ልትሞትብኝ ነበር፤ ፈራሁ። እሱ ጥፋት የለበትም።"

እውነቱ ከወጣ ይታረቃሉ ብላ ነበር።

ታናሽየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አያት። "አንቺ ነሽ?" አለ። "ስንት ጊዜ ፊትሽ አልቅሻለሁ። እንባዬን እየጠረግሽልኝ ነበር እኮ።"

"ለአንተው ብዬ ነው።"

"ሁለታችሁ ተማክራችሁ... ማን አልቻልኩም አለሽ?" ተነስቶ ወጣ።

ወደ ታላቅየው ዞረች። ፊቱ በርቶ ይሆናል ብላ ነበር፤ ከበፊቱ ብሶ ጠቁሯል። "አሁን ነው የምትናገሪው?" አለ በቀስታ። "ዘመድ ሁሉ ፊት ሲያዋርደኝ ዝም አልሽ። ልጆቼ አጎት አጥተው አደጉ። ዛሬ፣ ለቤት ስትይ?"

"ጋሼ..."

"ጋሼ አትበይኝ።"

እሱም ወጣ። ለጣፊው ብዕሩን ከደነ። እሷ ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። የተመለሰ የለም።

ማፍረሻው በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት መጣ። መጀመሪያ የጓሮውን ግድግዳ ጣለ፤ አቧራው ሲበተን የአባቷ መኝታ ክፍል እንዳለ ታየ። አልጋው አለ። አንሶላው ሰው አሁን የተነሳበት ይመስል ወደ አንድ ጎን ተገፍፏል። ታናሽ ወንድሟ ገላቸውን ያጥብበት የነበረው ሳፋ ከአልጋው ሥር ተቀምጧል። ገብታ ልታወጣው ስትል ለጣፊው ክንዷን ያዛት፣ "ይወድቅብሻል፣ አይሆንም።" ማሽኑን ግን ጥቂት አስቆመላት።

ለሁለቱም ደወለች። ታላቅየው አነሳና ሰላም ሳይላት "እሱ መጥቷል?" አለ። አልመጣም ስትለው ዘጋው። ታናሽየውም መጀመሪያ የጠየቃት ያንኑ ነበር። እሱን ግን ስለ ሳፋው ነገረችው።

"እሱንም አብረው ያፍርሱት" አለና ዘጋ።

ከቀትር በፊት ቦታው ሜዳ ሆነ። ጎረቤቷ ሴትዮ ደጃቸው ቆመው፣ እፎይ ማለት እያማራቸው፣ አላሉም። ልብስ ሰፊዋ አቧራውን ከቀሚሷ አራግፋ ወደ ሱቋ ሄደች። በየእሑዱ ትደውላለች። የመካኒኩ ሚስት "ሥራ ላይ ነው" ትላታለች፤ የአስተማሪው ስልክ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ዝም ይላል። ሦስተኛው ወር ላይ መደወሉን ትታ እሑድም ሱቅ መክፈት ጀመረች።